ለአራት ሞተር አንድ ዋስ

ሦስተኛው ብሎን አልፈታ አለ። ደምለው ካቻቢቴውን ተክሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ጠመዘዘው፤ አዳለጠውና አውራ ጣቱን ላጠው። ደሙን በሱሪው ጠርጎ እንደገና ያዘ። የተሰባበረችው ሞተር ሞጣ ዳር፣ በአያ ገብረ ኪዳን ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር በጎኗ ተጋድማለች። እሱና ሠራተኛው ገላው ጎሕ ሲቀድ ከብቸና ተነሥተው የመጡባት ጤነኛዋ ሞተር ደግሞ ከአጠገቧ ቆማለች። ደምለው የጤነኛዋን ታርጋ ፈትቶ ለተሰባበረችው ሊያስር ነው።

"ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ! የኢንሹራንሱ ሰው መኪና ደብረ ወርቅን አልፎ ይሆናል" አለ ገላው፣ ዓይኑን ከግቢው በር ሳይነቅል።

"አንተ ብቻ በሩን ጠብቅ። ያን ቀን እንዲህ ተጠንቅቀህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ምን እንሠራ ነበር?"

ገላው አንገቱን ደፋ። ያን ቀን ሞተሯን የሞጣ አስተማሪ ሊገዛት ፈልጎ፣ ለማሳየት ይዟት ሲመጣ፣ ቁልቁለቱ ላይ ከበሬዎቻቸው ኋላ ይሄዱ የነበሩትን አያ ገብረ ኪዳንን ገጫቸው። እሱ በጭረት ተረፈ፤ የሳቸው እግር ከጉልበት በታች ተሰበረ። ደምለው ነገሩን ተናግሮ ወዲያው ተጸጸተ። ያች የገላው ጥፋት የአንድ አፍታ ጥፋት ናት፤ የሱ ግን ከጥር ጀምሮ ስትንከባለል የመጣች ናት።

ደምለው በብቸና በሞተር የታወቀ ሰው ነው። ያረጁትን ከአዲስ አበባ እየገዛ ያመጣል፣ ያድሳል፣ ለአስተማሪዎችና ለወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ይሸጣል። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ ያን ሰሞን አራት ነበሩት። እጁ ብልህ ነው፤ ቁጠባ ላይ ግን ከብልሃት አልፎ ይሄዳል። በጥር ወር ሣህለ ማርያም የሚባል የኢንሹራንስ ወኪል ከደብረ ማርቆስ መጥቶ በግቢው የቆሙትን ሞተሮች ሲያይ፣ ምክሩን አልነፈገውም ነበር።

"ለእርስዎ የሚስማማው የነጋዴ ኢንሹራንስ ነው" አለው። "ለእያንዳንዷ ለየብቻ ቢገቡ፣ ነገ ሲሸጧት የከፈሉት ከንቱ ይቀራል፤ በምትኳ የምትገባው ደግሞ ያለ ውል ትቀመጣለች። የነጋዴው ግን ለሽያጭም ለጥገናም ብለው በእጅዎ ያስገቧትን ሁሉ ይይዛል። እርስዎ ወይም ሠራተኛዎ ለሙከራ ቢነዷት፣ ለገዢ ሊያሳዩ ቢወስዷት ይሸፍናል። የሚያከራዩዋት ካለች ግን በዚህ አትገባም፤ ለሷ ሌላ ውል ነው።"

"ዋጋውስ?"

ሣህለ ማርያም ነገረው። ደምለው ሳቀ። "ታዲያ ለቆመ ብረት ሁሉ ልክፈል? እኔ የምነዳትን አንዷን ያድርጉልኝ፤ ትበቃኛለች።"

"አቶ ደምለው፣ የአንዷ ውል ለሌሎቹ አይሆንም።"

"ገብቶኛል፣ ገብቶኛል።"

አልገባውም፤ ወይም ሊገባው አልፈለገም። በሱ አገር ዋስ የሚቆመው ለሰው ነው። አባቱ በሬ ሲገዙም፣ በወሰን ሲከራከሩም፣ ከሰው ሲጣሉም ያው አንድ ሰው ዋስ ይቆምላቸው ነበር። "ለቀዩ በሬ እንጂ ለጥቁሩ አልቆምም" ያለ ዋስ ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። ደምለውም ያን የሚያህል ኩባንያ፣ አንድ ጊዜ ስሙን ከያዘለት በኋላ፣ ይችኛዋ ናት ያችኛዋ ናት እያለ ሞተር ይመርጥብኛል ብሎ አላሰበም።

ስለዚህ አያ ገብረ ኪዳን የተገጩ ዕለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው "ማሳከሚያውን አሁኑኑ አውጣ፣ ለቀሪው ዋስ ጥራ" ሲሉት፣ ደረቱን ነፍቶ ነበር የተነሣው። "የኔ ዋስ ኩባንያ ነው። እናንተም በሬ አትሽጡ፣ እኔም ንብረቴን አልበትን። ኩባንያው ሆስፒታል አስገብቶ ያሳክማቸዋል" አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተደንቀው መረቁት። በማግስቱ ለወኪሉ ስልክ ሲደውል ግን የመጀመሪያው ጥያቄ "የትኛዋ ሞተር ናት?" የሚል ሆነ። ደምለው ያኔ ገባው። ገብቶትም ውል ያላትን የጤነኛዋን ቁጥር ነገረው። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ፤ ወኪሉ አዲስ አበባ ከርሞ እስኪመለስ ግንቦት አለቀ፣ ሰኔም ዝናቡን ይዞ ገባ።

ብሎኑ ተፈታ። ደምለው ታርጋውን በተሰባበረችው ላይ አስሮ ቀና ሲል፣ የአያ ገብረ ኪዳን ሚስት ይርጋነሽ ከቤት ወጣች። ገላው ደንግጦ ከፊቷ ተገተረ፤ እሷ ግን ሞተሮቹን ከመጤፍም አልቆጠረቻቸው።

"አያ ደምለው፣ ዛሬስ ይመጣሉ?"

"መንገድ ላይ ናቸው፣ እቴ ይርጋነሽ።"

"ተመስገን!" አለችና ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። "ወጌሻውስ አጥንቱን ደህና አድርጎ ነበር ያሰረው፤ ቁስሉ ነው የከፋብን። ትናንት የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ ሲያየው 'እስካሁን ደብረ ማርቆስ አልሄዱም ወይ?' ብሎ ጮኸብን። ጣቶቹ ጠቁረዋል። እኔማ ያን ጊዜውኑ አንዱን በሬ እንሽጥ ብዬ ነበር። እሱ ነው እምቢ ያለኝ። 'ሰውየው በሽማግሌ ፊት ቃሉን ሰጥቶን ሳለ በሬ ሸጠን ብንሄድ፣ እንዳላመንነው ይቆጥርብናል፤ ነውር ነው' አለኝ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የደምለው ቃል ግን ወጥታ የሌላ ሰው እግር ላይ ነው የተቀመጠችው። ተከትሏት ወደ ቤት ገባ። ሽታው ደጃፉ ላይ ተቀበለው። አያ ገብረ ኪዳን መደቡ ላይ ተጋድመዋል፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል።

"ደምለው ነህ? እንኳን ደህና መጣህ" አሉ በደከመ ድምፅ። "በዚህ ጭቃ መንገዱ አላስቸገረህም?"

ቢሰድቡት በወደደ። "ደህና ነው፣ አያ ገብረ ኪዳን" ብሎ ለመቀመጥ እንኳ ሳይደፍር የመኪና ድምፅ ሰማ፤ ሮጦ ወጣ።

ሣህለ ማርያም ጭቃ ከለበሰች ላንድሮቨር ወርዶ እጁን ጨበጠው። የተሰባበረችውን ሞተር ዞሮ አየ፣ ጎንበስ ብሎ የታርጋውን ቁጥር ጻፈ። ገላው ታርጋ የሌላትን ጤነኛዋን ከቤቱ ጀርባ ደብቆ በሩ አጠገብ ቆሟል።

"ቁጥሩ ልክ ነው፤ ይቺ ውል አላት" አለ ወኪሉ። "ይከፈላል። ጉዳዩ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ግን ክረምቱ ይወጣል።"

"ክረምቱ?"

"ጥቅምት ግድም ይበሉት። በሽተኛውስ እንዴት ናቸው? ከሆስፒታል ወጡ?"

"እዚሁ ናቸው።"

ሣህለ ማርያም እርሳሱን አወረደ። "እዚሁ? በስልክ ነግሬዎት አልነበረም እንዴ? መጀመሪያ እርስዎ ያሳክሙ፣ ኩባንያው ኋላ ያወጡትን ይተካልዎታል ብዬ? በሽተኛ እኮ ኩባንያ አይጠብቅም!"

ነግሮት ነበር። ደምለው በዚያች ሰዓት የሐሰቱን ቁጥር እንዳይስት ሲጨነቅ የሰማውን ሁሉ አልያዘውም።

"የነጋዴውን ገብቼ ቢሆን ኖሮስ?"

"እሱም ቢሆን ከዚህ አይፈጥንም።"

ደምለው አጥሩን ይዞ ቆመ። ለካ ውሉ የትኛውም ቢሆን፣ የታርጋው ውሸት ቢይዝም ባይዝም፣ የሰውየውን እግር የበላው እሱ ራሱ "ጠብቁ" ያላቸው ጊዜ ነው። ሁለት ሞተር ወዲያው ሸጦ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ዛሬ ቁስላቸው ጠግጎ በከዘራ እየሄዱ ነበር። ሞተሮቹን ሊያተርፍ የሰው እግር አስቀማ።

"አቶ ሣህለ ማርያም፣ የጻፉትን ይሰርዙት" አለ። "ታርጋው የዚህች አይደለም። ጠዋት ነው የቀየርኩት።"

"ጋሼ!" አለ ገላው።

ወኪሉ የጻፈውን ቁጥር በእርሳሱ ሰረዘ። "ይህን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር" አለ። "እንግዲህ ከኩባንያው ቤሳ አያገኙም። እግዚአብሔር ያሳይዎት፤ ለገዢ ስትሄድ የወደቀች ሞተር! የነጋዴው ውል የሚጠቅመው ለዚህ ነበር።"

"አውቃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር። አሁን የምለምንዎት መኪናዎን ነው። በሽተኛውን ደብረ ማርቆስ ድረስ ያድርሱልኝ።"

ሣህለ ማርያም ሾፌሩን ጠርቶ የኋላውን ወንበር እንዲያጥፍ አዘዘው።

አያ ገብረ ኪዳንን በቃሬዛ ሲያወጧቸው፣ ደምለው በራሳቸው በኩል ነበር የያዘው። "ኩባንያው መጣ?" አሉት ቀና ብለው።

"ኩባንያ የለም፣ አያ ገብረ ኪዳን። የኔ ውል ለሌላ ሞተር ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው ያስጠበቅሁዎት።"

አያ ገብረ ኪዳን ዓይናቸውን ወደ በረቱ አዞሩ። "ያን ጊዜ በሬውን ሸጬ ቢሆን..." አሉና ተዉት።

ደምለው ገላውን ወደ ዳር ወሰደው። "ታርጋዋን መልስና ጤነኛዋን ለአስተማሪው ስጠው፤ በዋጋ አትከራከር። የብቸናዎቹንም ሁለቱን ለጠየቀህ ሽጥ። ብሩን ለኔ እንዳታመጣ፤ ደብረ ማርቆስ ወርደህ ለእቴ ይርጋነሽ በእጇ ስጣት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ይርጋነሽ ስንቋን በአገልግል ይዛ ከባሏ እግር አጠገብ ተቀምጣለች። በመስኮቱ ብቅ ብላ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ማሳ አየች፤ ግማሹ ታርሷል፣ ግማሹ አረም ለብሷል። "ዘሩስ? ማን አለኝ? ዘንድሮ መሬቱ ጦሙን ማደሩ ነው" አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ይህን ስትል ነበር መኪናዋ የተነሣችው።

"እንሂድ፣ ጋሼ" አለ ገላው ሞተሯን አስነሥቶ። "ከአስተማሪው ቤት መልስ በአውቶቡስ ብቸና እንገባለን።"

"አንተ ሂድ።"

"እርስዎስ?"

ደምለው ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ።

"እርፍ ይዘው ያውቃሉ እንዴ?"

"በልጅነቴ።"

"ለስንት ቀን ነው የሚቀመጡት? ለባለቤትዎ ለሀብትነሽ ምን ልበላት?"

"ዘሩ እስኪያልቅ በላት። ነገሩስ ቀናው ወይ ብትልህ፣ አልቀናውም በላት፤ እውነቱን ንገራት።"

ገላው ትንሽ አመነታና ሄደ። ደምለው ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቀለለ፤ በረቱን ከፍቶም በሬዎቹን አወጣ። ቀንበሩ የት እንደሚቀመጥ ይርጋነሽን አልጠየቃትም ነበር። ቤቱን እየዞረ ይፈልግ ጀመር።