ዝም ያልኩበት በቆሎ

አጎቴ ከሆስፒታል የተመለሱ ቀን ቤት አልገቡም። ዴልፍሬድ በፒካፑ ይዟቸው ሲመጣ ወደ አምባው የሚያወጣውን መንገድ አሳልፈው በቀጥታ ወደ እርሻው እንዲነዳ አዘዙት። ወጡን አሙቄ ስጠብቅ ስጠብቅ ቀሩብኝ። ከገደሉ ጫፍ ሆኜ ቁልቁል ብመለከት መኪናዋ ከታችኛው ማሳ አጠገብ ቆማለች። የፈራሁት ደረሰ አልኩና ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ።

የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ያሳደጉኝም የገሠጹኝም እሳቸው ናቸው። ካረፉ ወዲህ ስማቸውን እኛ ቤት አንጠራም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ስደርስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከአጥሩ ዳር ቆመዋል። ከፊታቸው ከእሳቸው ቁመት የሚበልጥ በቆሎ በክር እንደተሰመረ ቀጥ ባለ ረድፍ ቆሟል። ከበላዩ ባለው ማሳ የእኛው ሰማያዊ በቆሎ እንደ ወትሮው አጭር ሆኖ፣ በየጉድጓዱ አሥርም አሥራ አምስትም እየሆነ ተቃቅፎ በቅሏል።

"ይሄን ማን ዘራው?" አሉኝ።

"እንግዶቹ ናቸው፣ አጎቴ።"

"ማን ፈቀደላቸው?"

ዴልፍሬድ የእናቴ እህት ልጅ ነው፤ እኛ ዘንድ ወንድሜ ማለት ነው። በእኔ ፋንታ መለሰላቸው፦ "እሷ ናታ። ዝም ብላ ፈቀደች።"

እንግዶቹ በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ማገዶ የሚያመጡልን የዊስኮንሲን የበጎ አድራጎት ማኅበር ሰዎች ናቸው። ስምንት ዓመት ተመላልሰዋል። የውሃ ማጠራቀሚያውን የተከሉልን እነሱ ናቸው። እኛ የዚህ በረሃ አምባ ነባር ተወላጆችም ሴቶቻቸውን በቆሎ መፍጨትና እንደ ወረቀት የሚሳሳውን ፒኪ በጋለ ድንጋይ ላይ መጋገር እናስተምራለን፤ ጣታቸው ይቃጠላል፣ ይስቃሉ። ከመካከላቸው ኤርል የሚባል ጢማም ግዙፍ ሰው አለ፤ ምግብ በሰጠነው ቁጥር "አስኳሊ" ይለናል። ይህ የሴት ምስጋና ነው፤ ወንድ እንዲህ አይልም። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አላረመውም። ዴልፍሬድ ባየው ቁጥር "እሜቴ፣ ደህና ከረምሽ?" ይለዋል በእኛ ቋንቋ፤ እሱም ደስ ብሎት ይጨብጠዋል።

አጎቴ በግንቦት ታመው በተወሰዱበት ሳምንት የማኅበሩ መሪ ሎርና ወጥ ቤቴ ቁጭ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የታችኛው ማሳ ጦሙን ከሚያድር እኛ እንዝራው፣ ሲመለሱ ሞልቶ ቢያገኙት ደስ አይላቸውም ወይ አለችኝ። ዝም አልኩ። ተነሥቼ ሳህኗ ላይ ወጥ ጨመርኩላት። እናቴ ስታሳድገኝ "አይሆንም" የሚባል ነገር እንግዳ ፊት ላይ አይወረወርም፣ ዝም ካልሽው ይገባዋል ትለኝ ነበር። የእኛ ሰው ቢሆን ይገባው ነበር፤ ስለ ደመናው ጥቂት አውርቶ ኮፍያውን አንሥቶ ይሄዳል። ሎርና ግን ሁለቱንም እጆቼን ይዛ አመሰገነችኝ።

ሲዘሩም አየኋቸው። ከሱቅ የገዙትን ነጭ ጣፋጭ በቆሎ አንድ ጣት በማይሞላ ጥልቀት እየቀበሩ ሲሄዱ፣ ይህን አሸዋው ራሱ ያቃጥለዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የውሃ ጎማ ከማጠራቀሚያው እንደሚስቡለት አላሰብኩም።

አጎቴን ያስደነገጣቸው የእንግዶቹ በቆሎ ቁመት አልነበረም። አናቱ ላይ ያለው አበባ ሊፈነዳ ደርሷል። የእኛው ደግሞ ብናኝ የሚቀበልበትን ፀጉሩን ማውጣት ጀምሯል። በዚህ ወቅት ነፋስ የሚነሣው ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ የታችኛውን ማሳ ሳያቋርጥ ላይኛው አይደርስም። ብናኙ አንዴ ከተነሣ ሰማያዊው በቆሎ ይዳቀላል። ሌላ ዘር ቢኖረን ባልተጨነቅን። ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝናቡ ቀርቶብን እናቴ በማሰሮ ካስቀመጠችው የተረፈው ያ ብቻ ነበር፤ አጎቴ ሳይታመሙ የዘሩትም እሱን ነው። ከአያቴ እናት ጀምሮ ከቤታችን ሴቶች እጅ ወጥቶ አያውቅም። እኛ ዘንድ ወንድ ያርሳል እንጂ ማሳውም ዘሩም የሴት ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ የእኔ ነው። የሚጠፋውም በእኔ እጅ ነው።

ዴልፍሬድ አጥሩን ከፍቶ ላሞቹን እንልቀቅበት አለ። እስከ ነገ ጠዋት ችግሩም ያልቃል፣ ላሞቹም ይወፍራሉ አለ።

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሕይወታቸው የቆመ በቆሎ ነቅለው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ማሳ ሲገቡ ልጆቼ እያሉ ነበር የሚያናግሩት፤ ይዘፍኑለታልም።

"ልጅ ነው" አሉ። "እናቱን አላውቃትም። ግን እሱ ምን አጠፋ? አይነቀልም።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"አበባውን እንሰብራለን። ግንዱ ይኑር።"

ከአንድ ሺህ በላይ ግንድ ነው። ብናኙ የሚበተነው ፀሐይ ጤዛውን ካደረቀች በኋላ ስለሆነ የምንሠራው ከንጋት እስከ ረፋድ ብቻ ነው። ሐኪሙ ደግሞ አጎቴ ፀሐይ ላይ እንዳይቆሙ፣ እጃቸውን ወደ ላይ እያነሡ እንዳይሠሩ አስጠንቅቋል።

ያን ቀን ሎርና ጋ ደወልኩ። ልነግራት ነበር። ገና አጎቴ ተመልሰዋል ስላት ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ቀደመችኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ለማኅበሩ የሚለግሱትን ሰዎች ይዛ እንደምትመጣ፣ በቆሎውን ልታሳያቸው እንደሆነ ነግራኝ፣ እስከዚያ ለአጎቴ እንዳልነግራቸው ለመነችኝ። ፊታቸውን ማየት እንፈልጋለን አለችኝ። አሁንም ዝም አልኩ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ ለሦስት ሠራን። አጎቴን ተዉ ብንላቸው የሚሰሙ አልሆኑም። አንዱን ግንድ ጎንበስ አድርገው አበባውን ቀጭ ያደርጉና ግንዱን በቀስታ ይለቁታል፤ የሆነ ነገር ይሉታል። በየአምስት ግንዱ ቆመው ይተነፍሳሉ። ዓርብ ከሰዓት ስንቆጥረው ግማሹ አላለቀም፤ ጫፍ ጫፉ ላይ መፈንዳት የጀመረም ነበር። አንዱን ነካ ሳደርገው መዳፌ ላይ ቢጫ አቧራ ቀረ። ለማንም ሳላሳይ በቀሚሴ ጠረግኩት።

ቅዳሜ ነፋሱ ቀድሞን ተነሣ። ፀሐይ ገና ከአምባው ሳትወጣ ቅጠሉ መንሿሿት ጀመረ። ዴልፍሬድ ከአንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው እየተሯሯጥን እንሰብራለን። መሐል ላይ የአጎቴ ድምፅ ጠፋብኝ። ረድፉን ጥሼ ስገባ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው አንዱን ግንድ ይዘዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"ከማሳው ይውጡ" አልኳቸው።

"ይቺን ረድፍ ልጨርስ።"

"ማሳው የእኔ ነው። እናቴ ለእኔ ነው የተወችው። ይውጡልኝ አልኩ።"

የእህት ልጅ ለአጎቷ እንዲህ አትናገርም። ቀና ብለው አዩኝና ትንፋሽ እያጠራቸው ሳቁ።

"አሁን ነው አፍሽ የተከፈተው? በግንቦት የት ነበር?"

ደግፌ አውጥቼ መኪናዋ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ቀና ስል የእንግዶቹ ሁለት መኪኖች አቧራ እያስነሡ ደረሱ። ሎርና ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቀድማ ወረደች። መሬት ላይ የተረፈረፈውን አበባ አየች። አጎቴንም አየች።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለችኝ።

"አበባውን እየሰበርን ነው። የእኛን ዘር እንዳያበላሸው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሽ ነበር። በግንቦት ስትጠይቂኝ እንቢ ብዬሻለሁ።"

"ምንም አላልሽኝም። ዝም ነው ያልሽኝ።"

"እሱ ነው እንቢታው።"

ከኋላዋ ልገሳ የሰጡት ሰዎች ተሰብስበው ያዳምጣሉ። ማገዶው ቀረ፣ ሁሉም ቀረ አልኩ በሆዴ። ያም ሆኖ ቀጠልኩ፤ ይህ ብናኝ ዛሬ ላይኛው ማሳ ከደረሰ የቤታችን ዘር እዚህ ላይ እንደሚያከትም፣ ሌላ እንደሌለን፣ መናገር የነበረብኝ እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ሎርና ዝም አለች። የእሷ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላወቅኩም። ነፋሱ እየበረታ ነበር።

ካሜራዋን አውልቃ መኪናው ውስጥ ወረወረችው። "የትኛው ነው የሚሰበረው? አሳዪኝ" አለች።

አሳየኋት። ኤርል ቁመቱ ጠቀመን፤ ጎንበስ ሳያደርግ ከላይ ከላይ ይቀጭ ነበር። ሰዎቹ በየረድፉ ገቡ። አጎቴ ከተቀመጡበት ሆነው ግንዱን እንዳትሰብሩ፣ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ሲያዟቸው፣ ዴልፍሬድ እየተረጎመ ስድብ ይጨምርበታል። ስንጨርስ ረፋዱ አልፎ ነበር። ምን ያህል ብናኝ እንዳመለጠን ማንም አያውቅም።

በመከር ሰማያዊው በቆሎ ንፁህ መስሎ ገባ። ግን የመጀመሪያው ዓመት አይታመንም፤ ሰማያዊው ቀለም የተዳቀለውን ይሸፍነዋል፤ የሚገለጠው እሱው ተዘርቶ ሲያፈራ ነው። አጎቴ እያንዳንዱን ዛላ ፀሐይ ላይ ይዘው እያገላበጡ አዩ። "አላውቅም" ብለው አስቀመጡት። ማገዶው በኅዳር መጣ። በጥር እሳቸው አረፉ፤ ዘሩ መትረፍ አለመትረፉን ሳያውቁ።

ዘንድሮ ዴልፍሬድ ዘራው። ትናንት ቅርፊቱን ብቻዬን ልጬ ጨረስኩ። በአጥሩ በኩል ከነበሩት ዛላዎች አራቱ ላይ በሰማያዊው መሐል እንደ እንግዶቹ ጣፋጭ በቆሎ የተጨማደደ ፍሬ አገኘሁ። ሌላው ሁሉ ንፁህ ነው። አራቱን ለከብት መስጠት አልሆነልኝም። ቀቅዬ ከዴልፍሬድ ጋር በላነው። መጥፎነቱ መጣፈጡ ነው አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሎርና ደወለች። እንዴት ሆነ አለችኝ። ዘሩ ተርፏል አልኳት። እፎይ ስትል ሰማኋት፤ በዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ስለ አራቱ ነገርኳት። አጎቴ ሳያውቁ መሄዳቸውን፣ የዚያች ቅዳሜ ድካም ከዚያ በኋላ ከላያቸው ወርዶ እንደማያውቅም ነገርኳት።

ዝም አለች። ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኳት።