ዘይት ያልገባበት ቤንዚን

«ዘይት መቀላቀሉን ረስቶት ነው አሉ፣ ሞተሩ ባሕር መሃል የቆመው» አለች ፋንታዬ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብላ።

አልጋነሽ ሰማቻት። ሪያድ፣ ዑድ ሰፈር፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ለቅሶ የተቀመጠው አብዛኛው የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለው፣ ሁሉም የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ጮክ ብሎ ማልቀስ ጎረቤት ያመጣል፣ ጎረቤት ደግሞ ፖሊስ። የወንድሟን ሞት ከሰማች ጀምሮ እንባዋን አፍና ከርማለች። ይሄኛውን ግን ማፈን አቃታት።

«አራጋው? ዘይት ረሳ? ጣና ላይ ጀልባ ሲነዳ ያደገው ልጅ?»

ፋንታዬ ደነገጠች። «ካፊሉ ነው ያለው እህቴ። እኔ ምን አውቄ!»

ካፊሉ መላዝ በሚባለው ሰፈር የሚኖረው የአራጋው አሠሪ ነው፤ አራጋው ግቢውን ይጠብቅለት ነበር። ሪያድ ባሕር ባይኖራትም ሰውዬው በየበዓሉ በመኪና እየጎተተ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚወስዳት ጀልባ ነበረችው። የሚያሰናዳትም አራጋው ነበር። በ1996 ዓ.ም. አንድ ዓርብ አልጋነሽ ልትጠይቀው ስትሄድ ጀሪካን አቅፎ ሲያወዛውዝ አገኘችው።

«ቅቤ ትንጣለህ እንዴ?» ብላ ሳቀችበት።

«ይሄ ሞተር የራሱ የዘይት ቋት የለውም» አላት ሳያቋርጥ። «ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚጠጣው። ካልተቀላቀለለት ግሎ ይነክሳል፤ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ባሕር መሃል ደግሞ ወርደሽ አትገፊው!»

ለቅሶው ላይ ከሰዓት በኋላ ረድዋን መጣ። የካፊሉ ቤት ሾፌር ነው፤ የወሎ ልጅ። በሩ ሥር ተቀምጦ ቀና ማለት አቃተው። አልጋነሽ ሄዳ ፊቱ ተንበረከከች።

«አብረኸው ነበርክ ወንድሜ። እውነት ረስቶ ነው?»

«አልረሳም» አለ በቀስታ። «የቀላቀለው ሲያልቅ የሰውዬው ልጅ ከማደያ ንጹሕ ቤንዚን ቀዳ። አራጋው ‹ዘይት! ዘይት!› እያለ ጀሪካኑን ያዘበት። ልጁ ‹ኸላስ፣ ያላ! በቃ እንሂድ!› ብሎ ገፈተረው። ሞተሩ ነክሶ ሲቆምና ነፋሱ ሲወስደን፣ ልጁ አራጋውን ገመድ አሲዞ ‹ዋኝተህ ጎትት› አለው። ገመዱን መልሰን ስንስበው ባዶውን መጣ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልክ?»

«ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እነሱ እጅ ነው።»

ገና መልስ ሳትሰጠው ካፊሉ ራሱ በሩ ላይ ቆመ። ለቀስተኛው ሁሉ ተነሣ።

«አላህ ያጽናሽ» አላት በዓረብኛ። «ሞተሬን አበላሽቶብኛል። ቢሆንም ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ይቅር?» አለች አልጋነሽ። በሰው ማጀት የለቀመችው ዓረብኛ ያን ቀን አልከዳትም። «እናቴ መርዶውን ገና አልሰማችም። ‹ልጅሽ በገዛ ጥፋቱ ሞተ› ልበላት? ወንድሜ ዘይት የለውም ብሎ ነበር! የገፈተረው ልጅህ ነው! እኛን ይቅርታ መጠየቅ ያለብህ አንተ ነህ!»

«ማን አየ?» አለ ሰውዬው ዙሪያውን እየቃኘ።

ሁሉም አቀረቀረ። ረድዋን ከግድግዳው ተላቆ ወደ ፊት ወጣ።

«እኔ አየሁ» አለ። «አራጋው ነግሮት ነበር። አልሰማም ያለው ልጅህ ነው።»

ካፊሉ፣ «ነገ ልብስህን ሰብስብ። አገርህ ትገባለህ» አለና ወጣ።

ረድዋን ጫማውን ሊያደርግ አጎነበሰ። አልጋነሽ ወደ ሐዘንተኛው ፍራሽ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችና፣ እንዲቀመጥበት የወንድም ቦታውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት።