በቶፋው ውስጥ የተኛችው የእሳት እራት

አለበል ክረምቱን ሙሉ የጠበቃት ፍጥረት የስንዴ ቅንጣት አታህልም ነበር። ከእናቱ ጋር ከጎንደር መጥተው በሰፈሩባት በኔታንያ ከተማ የባሕር ገደል ላይ ከለቀማቸው አባጨጓሬዎች ሌሎቹ በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሻግተው አለቁ። የቀረችውን እናቱ ሐረጓ በእጃቸው ከሠሯት ትንሽ ቶፋ ውስጥ አሸዋ አንጥፎ አስቀመጣት፤ ሸክላ ይተነፍሳል። እሷም ድሯን ፈትላ፣ መምህራን ሙሽሬ የሚሉት እንቅልፍ ወሰዳት።

የኮሌጅ መምህሩ ያኮቭ እቅጩን ነግሮታል፦ "አባጨጓሬ ሁሉ ይመሳሰላል። ክንፍ ስታወጣ ገድለህ አምጣልኝ። ሆዷን ከፍቼ በማይክሮስኮፕ ሳላይ ስም አልሰጥም።" ማን ያውቃል፣ ከስንት ዘመን ወዲህ ማንም ያላያት ብርቅዬዋ ብትሆንስ? አለበል በሕልሙ እንኳ የሚያየው ክንፏን ሆነ፤ ግራጫ፣ ጫፉ ላይ የብር ጠብታ ያለበት።

በ1996 የአይሁድ ፋሲካ፣ የፔሳኽ ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ ከባሕር ዳር ሲመለስ ግቢው ውስጥ ገል ተከምሯል። ልቡ ስንጥቅ አለ። ሐረጓ ጎንደር ሳሉ በየፋሲካው ያደርጉት እንደነበረው፣ በአዲስ ሊተኩት የዓመት ሸክላቸውን አንድ ሳያስቀሩ ሰባብረዋል። ልጅ ሆኖ ያንን ገል ሲጫወትበት ያደገ ሰው ይህን ልማድ ይርሳ?

"እምዬ፣ ትንሿ ቶፋስ?"

"ያረጀ ሸክላ ፔሳኽ ይገባል እንዴ? ሰበርኋታ።"

"ነፍስ ነበረባት እኮ!" አለና እንባው መጣ።

ሐረጓ ደንግጠው ተንበረከኩ፤ አብረው ገሉን አገላበጡ። አንዱ ላይ ድሩ ተጣብቋል፤ ተቀዶ ባዶ ሆኗል። አለበል ቀና ሲል አያት። በእናቱ ትከሻ፣ በነጠላቸው ጥለት ላይ ተቀምጣ እርጥብ ክንፏን ትዘረጋለች። ግራጫ ነው፤ ጫፉ ብር።

የነፍሳት መግደያ ጠርሙሱን ከቦርሳው አወጣ።

"ምን ልታደርጋት ነው?"

"ስሟን ላውቅ ነው፣ እምዬ።"

"ገድለህ?" ሐረጓ ትከሻቸውን አላነቃነቁም። "ከግብፅ በወጣንበት ማታ? ወደዚህ ብሎ ወጥቶ ሳይደርስ፣ ሱዳን ላይ ሞቶ እንደቀረው እንደ አባትህ?"

አለበል ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ። ክንፏ እስኪደርቅ ሁለቱም ጠበቋት። ከዚያ ብድግ ብላ፣ ማር በመሰለው ብርሃን ውስጥ ወደ ገደሉ በረረች።

ከበዓሉ በኋላ ያኮቭ "እህ፣ የትኛዋ ሆነች?" ሲል ጠየቀው።

"አላወቅሁም" አለ አለበል። "ግን ደርሳለች።"