መድፍ ያልነካው ግንብ

ከተማዋ ያላት አንድ ግንብና አንድ ወንዝ ነው። ወንዙ የሁሉም ነው፤ ከላይኛዋ ከተማ መጥቶ ግንቡን ታክኮ ወደ ታች ይወርዳል። ግንቡ ግን የራሷ ነው፣ የትም አይሄድባትም። አራት ማማ፣ አንድ በር፣ አንድ የውሃ ጉድጓድና አንድ እስር ቤት አለው። መዝገቡ እንደሚለው በእስር ቤቱ የታሰሩት በጠቅላላው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የፍየል ሌባ፣ ሌላው የፍየሉ ባለቤት። ባለቤቱ ለምን እንደታሰረ መዝገቡ አይናገርም፤ የከተማዋን ሹማምንት የሚያውቅ ግን አይገርመውም።

የግንቡ ነውር አንድ ብቻ ነው፤ ጭረት የለበትም። በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ስድስት ጦር መጥቶበት አንድም ጊዜ አልተተኮሰበትም። ጦሩ ገና ከወንዙ ማዶ አቧራ ሲያስነሣ፣ የከተማዋ ሽማግሌዎች ንጹሕ ለብሰው፣ የበሩን ቁልፍ ትራስ ላይ አስቀምጠው ድልድዩን ይሻገሩ ነበር። ስድስተኛው ጦርማ መንገድ ስቶ ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ ነበር ይባላል፤ ሽማግሌዎቹ ሮጠው ደረሱበትና አስረከቡት። የከተማዋ ቤት ሁሉ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። ጎብኚ የማይቆምባትም በዚሁ ነው።

ጎብኚ ፍርስራሽ ይወዳል። ላይኛዋ ከተማ ግንቧ ተደብድቦ ሦስት ግድግዳና ግማሽ ደረጃ ብቻ ቀርቷት፣ በየቀኑ አውቶቡስ ይሰለፍላታል። እዚህ የመጣ እንግዳ ግን ግንቡን አንዴ ይዞርና አስጎብኚውን፣ «መድፍ የመታው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠርጎ «የኛ ግንብ ምንም ነገር ያልነካው ነው» ሲል እንግዳው ሰዓቱን ያያል።

እውነቱን ለመናገር፣ ጭረት ለመጥፋቱ ግንበኛውም እጁ አለበት። ሰፈርተኛው «ውሃልክ» ይለዋል፤ የግንበኛ ውሃ ልክ የድንጋይን መዛባት እንደሚያጋልጥ ሁሉ፣ እሱም የተጣመመ ነገር አይቶ አያልፍም። ሰው ቤት ተጋብዞ ግድግዳ ላይ የዘመመ ፎቶ ካየ፣ ሳያቃና እህል አይቀምስም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የግንቡን ድንጋይ እንደ ገዛ ጥርሱ ጠብቋል። ከሱ በፊት አባቱ ነበሩ። አባቱ ደግሞ ግንቡን መጠገን ብቻ አልበቃቸውም፤ በወንዙ በኩል ሦስት ግድግዳ ቀጥለው ቤት ሠሩበት። አራተኛው ግድግዳ የግንቡ ነው።

«አባትህ እኮ ቤት አልሠሩም» ትላለች ሚስቱ፤ «ለንጉሥ ግንብ ጓዳ ነው የቀጠሉለት።»

ቢሆንም ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወደ ወንዙ የምታይ አንድ መስኮት አለው። አራት ልጅ አድጎበት አራቱም ተድረውበታል። ውሃልክ ከዚያ ቤት ሌላ የእኔ የሚለው ነገር የለውም፤ ሚስቱም ከዚያ ቤት የምወጣው በሸክም ነው ብላ ከማለች ቆይታለች።

አንድ ጠዋት አዲሱ የቅርስና ቱሪዝም ኃላፊ ከረባቱን እያስተካከለ በሩን አንኳኳ። በዕድሜ የውሃልክ ሁለተኛ ልጅ ቢሆን ነው።

«ጋሼ፣ ቤቱ የግንቡን ገጽታ ያበላሻል ተብሎ ከሚፈርሱት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል» አለ። የውሃልክ ፊት ሲገረጣ አይቶ ፈጠን ብሎ ቀጠለ፤ «ሊወጣ ይችላል። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። እርስዎ ደግሞ ከተማዋን ቢረዷት።»

«በምን?»

«በቀዳዳ። አንድ ብቻ። መድፍ የመታው የሚመስል።»

«እኔ? ሠላሳ ሁለት ዓመት ስደፍን የኖርኩት ሰውዬ?»

«ብሳለት» አለች ሚስቱ ከውስጥ። «ቤቴ ከሚፈርስ ግንቡ ይበሳ። ግንቡ ልጅ አላሳደገ።»

ነገሩ በዚሁ ቢያልቅ ደግ ነበር። ኃላፊው የግንቡ በር አጠገብ፣ ከቲኬት መቁረጫዋ መስኮት ጎን ያለውን ግድግዳ አሳየው፤ ለጎብኚም ይመቻል፣ ለፎቶም ይመቻል። ውሃልክ አየት አደረገና ራሱን ነቀነቀ። ውሸቱን ችሎት ነበር፤ የተንሻፈፈ ውሸት ግን አልቻለም።

«ከዚህ ፊት ለፊት ገደል ነው። መድፉ የት ቆሞ ተኮሰ ሊባል ነው? አየር ላይ?»

ሲባጎና ችካሉን ይዞ ድልድዩን ተሻገረ። ማዶ ያለው ሜዳ ላይ፣ መድፈኛ ብሆን የት እቆም ነበር ብሎ አሰበ፤ ችካሉን ተከለ፣ ባንድ ዓይኑ አነጣጠረ፣ የማማውን ቁመት በጣቱ ለካ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ከዚያ ተመልሶ «እዚህ ነው የሚመታው» ብሎ ጠቆመ። የጠቆመው ቦታ ከገዛ ጣሪያው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነበር።

«ከቤትዎ በላይ ነው እኮ» አለ ኃላፊው።

«መድፍ የማንን ጣሪያ ያውቃል?» አለ ውሃልክ፣ በሙያው እየኮራ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

በሩ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈና፣ ውሃልክ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ግንቡን ሲያፈርስ ሰነበተ። የመጀመሪያዋን መዶሻ ሲያሳርፍ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ አባቱ የሚያዩት መስሎት አፍሮ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ይቅር ይበለውና፣ ደስ ይለው ጀመር። ስንጥቆቹን ባንድ በኩል ረዘም፣ ባንድ በኩል አጠር አድርጎ በመሮ አወጣቸው። አምስት ድንጋይ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ በእውነት ቢመቱ የሚወድቁበት ቦታ ላይ ጣላቸው። አዲስ የተፈለጠው እንዲያረጅ በጭቃና በእርጎ ቀባው፣ ጥላሸት ነፋበት። በዘጠነኛው ቀን አንዲት ወፍ ገብታ ጎጆ መሥራት ስትጀምር፣ ሥራው እንዳለቀ አወቀ።

ከዚያ ወዲያ አስጎብኚውን የሚችለው ጠፋ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የመድፍ ጥይት ብቻ ነበር። በሦስተኛው የአርባ ቀን ከበባ ሆነ። በወሩ እነዚያ ባለ ትራስ ሽማግሌዎች ጎራዴ መዝዘው ድልድዩ ላይ ተሠውተው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው መንገድ ላይ ደረታቸውን ነፍተው መሄድ ጀመሩ። ከዋና ከተማ አንድ ፕሮፌሰር መጥቶ፣ ሲባጎ ዘርግቶ፣ ሁለት ሰዓት ለካና ጥይቱ ከማዶ ሜዳ የተተኮሰ መሆኑን በማኅተም አረጋገጠ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ይሰማ የነበረው ውሃልክ ፊቱ በራ፤ በሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራውን የተረዳለት የመጀመሪያው ሰው ነበር።

አውቶቡሶቹ መጡ። ችግሩ ቀዳዳው አለመታየቱ ነው። ከማዶ ሆነው ቢያዩት የዝንብ ያህል ነው፤ ከቅርብ ደግሞ የውሃልክ ጣሪያ ይጋርደዋል። እንግዶች አንገታቸውን አስግገው ሲሰለቹ አጥር ላይ ወጡ፣ ሲብስባቸው ጣሪያው ላይ። በሁለተኛው ወር ደብዳቤ ደረሰ። ሚስቱ መስኮቷ አጠገብ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ታሪካዊው ቀዳዳ እንዳይታይ የሚጋርድ ሕገወጥ ግንባታ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲነሣ» ይላል።

ውሃልክ መሮውን እንኳ ሳያስቀምጥ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ።

«ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ ብለውኝ ነበር» አለ።

«አውጥቼዋለሁ» አለ ኃላፊው። «ይሄ ሌላ ዝርዝር ነው።»

«ቀዳዳውን እኮ እኔ ነኝ የበሳሁት።»

ኃላፊው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «ጋሼ፣ ለርስዎ ብዬ ነው፣ ይህን ጮክ ብለው አይናገሩ። ቅርስ ያበላሸ ይታሰራል።»

«ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።»

«በጽሑፍ?»

ውሃልክ በእጁ የያዘውን መሮ አገላበጠ።

«ፕሮፌሰሩ ግን ሦስት መቶ ዓመት ሆኖታል ብለው በጽሑፍ ሰጥተዋል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «እንግዲያስ ልድፈነው» አለ ውሃልክ። «ባንድ ሳምንት እንዳልነበረ አደርገዋለሁ።»

«መድፈንም ያሳስራል። አሁን እኮ ቅርስ ነው።» ኃላፊው ድምፁን አለዘበ። «ይልቅ አንድ ነገር ልለምንዎት። የቤቱ ጣሪያ ወራጅ እንጨቶች ግንቡ ውስጥ ገብተዋል። ሌላ ሰው ካፈረሰው ግድግዳውን ይጎዳዋል። እርስዎ ቢያፈርሱት።»

ውሃልክ እምቢ ለማለት አፉን ከፈተ። ከዚያ ግን የተቀጠሩ የቀን ሠራተኞች በድጅኖ የአባቱን ወራጅ ሲነቅሉ፣ የግንቡም ድንጋይ አብሮ ሲናድ ታየው። «እኔ አፈርሰዋለሁ» አለ፣ ይህን በማለቱም ራሱን ጠላ።

ሚስቱ በሁለተኛው ቀን «መድፉን ገደሉ ላይ አጥምደህ የቲኬት መስኮቷን ብትመታ ምናለ» አለችውና ዕቃ መቋጠር ጀመረች።

ቆርቆሮውን አወረደ፣ ወራጆቹን አንድ በአንድ እያባበለ ከግንቡ አወጣ፣ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ድንጋይ በድንጋይ ፈታ። በአራተኛው ቀን ግድግዳዎቹ ወገብ ላይ ሲደርሱ፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ እንግዶች መጡ። ሚስቱ መኝታ ቤት በነበረው ቦታ ቆማ ፍራሹን ብቻዋን ለማንሣት ትታገላለች። እንግዶቹ ቀዳዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አይተው አደነቁ። ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ሴት ወደ ታች ዞረችና፣ «ይሄ ፍርስራሽስ የምንድነው?» አለች።

አስጎብኚው የመጨረሻ ልጃቸው ሲዳር ሚዜ የነበረ ሰው ነው። ውሃልክን አየው፣ ከዚያ ወንዙን አየ።

«በዚያው ድብደባ የፈረሰ ቤት ነው» አለ። «ቤተሰቡ አልተረፈም።»

ከእንግዶቹ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ።

«አሜን» አለች የውሃልክ ሚስት። «እስቲ አንዳችሁ ይህን ፍራሽ ያዙልኝ።»

ማንም አልያዘላትም። ባለ ባርኔጣዋ ስልኳን አንሥታ በትሕትና፣ «እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ፍርስራሹን ጋረዱት» አለቻት።

ፈቀቅ አለች።