ክፍት ጣሪያ፣ ሙሉ ኤሲ

የመኪና ጣሪያ ከፍቶ ኤሲ የሚያበራ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ልጄን ሊወስድ የመጣ ነው። ሰርጉም መልሱም አለፈ፤ ዛሬም ሳስበው ግን ደሜ ይፈላል።

ቆቦ ውስጥ መኪና ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አራጌ ቁጡ ነው ይሉኛል፣ አልክድም። ፍሬን የሌለው ሚኒባስ ሰው ጭኖ ሲወጣ ካየሁ መንገድ መሀል ቆሜ እሰድበዋለሁ። በሽቦ የታሰረ መሪ፣ በሳሙና የተደፈነ የነዳጅ ጋን ካየሁ ጩኸቴ ገበያው ድረስ ይሰማል። ደንበኛው ይቀየመኛል፣ ይሄዳል፣ መኪናው ሲቆምበት ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ልጄ ፍሬሰላም ይህንን እየሰማች ነው ያደገችው።

ከሮቢት ማዶ ያሉት ጎብዬዎቹ፣ የሙሽራው ወገኖች፣ ሽማግሌ ሲልኩ ታዲያ ቤተሰቡ በእኔ ላይ መከረብኝ። ባለቤቴ የሻረግ፣ አንተ አፍህን ከከፈትክ ይሄ ጋብቻ አበቃለት፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው አለችኝ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ያነጋገረው ታላቅ ወንድሜ ካሳው ነው። እኔ ጥግ ተቀምጬ ራሴን ስነቀንቅ ዋልኩ። የሻረግ በዚህም አልረካችም፤ ሰርጉ እስኪያልፍ ከወንድ ወገን ማንንም ላልናገር በማርያም አስማለችኝ። ሙሽራው አብርሃም ጨዋ ልጅ ስለሆነ መሐላው ብዙም አልከበደኝም ነበር።

ሰርጉ ለአንድ የግንቦት እሑድ ተቆረጠ። በግንቦት ቆቦ ላይ ከረፋዱ ጀምሮ የመኪና በር በባዶ እጅ አይነካም። ውሻው እንኳ ጥላውን ትቶ የሚሄደው ሲባረር ነው።

ዋዜማው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋራዤ በር ላይ ቀይ መኪና መጥቶ ቆመ። ጣሪያው ታጥፎ ኋላ ውስጥ የሚገባ፣ ፊልም ላይ የሚታይ ዓይነት ነው። ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ፍቅሩ የሚባል ሹፌር ነው። ሁለተኛው ሞላ ይባላል፤ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ነው ያናገረኝ። መኪናውን ለነገ ሰርግ ከደሴ እንዳስመጣው፣ ኤሲው ግን ሙቅ አየር እንደሚተፋ ነገረኝ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄ ነው አልኩ በሆዴ።

ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት። የኤሲው ቺንጋ፣ ቀበቶው፣ ላልቶ ነበር፣ አጠበቅሁት፤ ወዲያው ቀዘቀዘ። ነገር ግን ራዲያተሩ ፊት ካሉት ሁለት ማራገቢያዎች፣ ቬንትሌተሮቹ፣ አንዱ ተቃጥሎ ቆሟል፤ ምትኩ ደግሞ ቆቦ ላይ አይገኝም። ለሞላ በደንብ፣ በትዕግሥት አስረዳሁት። ኤሲ የሚያቀዘቅዘው የተዘጋ ቤት ነው አልኩት። ጣሪያውን ከፍታችሁ ብታበሩት የራያን ሜዳ በሙሉ ላቀዝቅዝ ብሎ አንዴም ሳያርፍ ይሠራል፤ ሸክሙ ደግሞ ሞተሩ ላይ ነው። በአንድ ቬንትሌተር፣ በሰርግ አካሄድ ሮቢት ሳትደርሱ ይፈላል። ወይ ጣሪያውን ዝጉ፣ ወይ ኤሲውን አጥፉና በንፋሱ ሂዱ አልኩት።

ሞላ ሳቀ። ጣሪያው ከተዘጋ መኪናውን ያን ያህል ከፍሎ ማስመጣት ለምን አስፈለገ አለ። ኤሲው ከጠፋ ደግሞ የሙሽራዋ ሜካፕ ይወርዳል፣ ቪዲዮው ይበላሻል። "የእህቴ ልጅ አብርሃም ነው የሚያገባው። የቆቦዋን ሙሽራ እንደ ጤፍ ጆንያ ሸፍነን አንወስዳትም" አለ። "አንተ የተጠየቅኸውን ሥራ፤ ስለ ጣሪያው ማን አማከረህ?"

እጄ ላይ ካቻቢቴ ነበር። የቆቦዋ ሙሽራ የእኔ ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሞላ አያውቀኝም፤ ሽማግሌ ሲላክ እሱ ደሴ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁልፉን ነጥቄ፣ መነጽሩን አስወልቄ፣ ከጋራዤ አባርረው ነበር። ግን የሻረግ መጣችብኝ፣ ማርያም መጣችብኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። የሙሽራ አባት በሰርጉ ዋዜማ ዘይት ተቀብቶ የአማቾቹ መኪና ሥር ተገኘ እንዲባል አልፈለግሁም።

"እንደፈለጋችሁ" አልኩ።

በሃያ ሁለት ዓመት ለአንድም ደንበኛ ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም። ፍቅሩ ስሜንና ስልኬን መዝግቦ ይዞ ሄደ። ማታ ለካሳው ብነግረው እሱ በዘዴ ያስቆማቸው ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አልነገርኩትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ ራሴን ሳሞግስ አመሸሁ።

እሑድ ሱፍ ለብሼ፣ ባርኔጣ ደፍቼ ዳስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ፍሬሰላም ጉልበቴን ሳመች፣ መረቅኋት። ሞላ አጠገቤ ቆሞ የካሜራ ሰዎቹን ያዝዝ ነበር፤ ዓይኑ ቪዲዮው ላይ ብቻ ስለነበር ከባርኔጣው ሥር ያለውን ፊቴን አላየም። ልጄ ያን ሁሉ ቀሚስና ካባ ለብሳ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰችም። ሽንት ቤት ልሂድ ብትል ቀሚሱን ማን ይሸከምላታል? ስለዚህ ሙሽራ አትጠጣም። እንድትታይም ብለው ከኋላው ወንበር መደገፊያ በላይ ከፍ አድርገው አስቀመጧት። ኤሲው ከፊት እየነፈሰ የሹፌሩን ጉልበት ያቀዘቅዛል፣ እሷ አናቷ ላይ ፀሐይ ነው። በጥሩምባና በጭብጨባ ወጡ፤ እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።

ሰባት ሰዓት አልፎ፣ እንግዳ እየበላ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ፍቅሩ ነው። "ጋሼ፣ የትናንትናው ነኝ። ፈላብን፤ ሮቢት ሳንደርስ ከቆምን አንድ ሰዓት ሊሆነን ነው። እባክህ ድረስልን" አለኝ።

ተነሣሁ። የሻረግ እጄን ያዘች። አባት ልጁን ድሮ እስከ መልሱ ቀን ከቤቱ አይንቀሳቀስም፣ አባት ሙሽራ ተከትሎ ሲሄድ የት አይተሃል፣ ልጁን ሊመልስ ነው ይሉናል አለችኝ። የተጠራሁት መካኒኩ ነኝ አልኳት። ባርኔጣዬን ጥዬ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃና የመፍቻ ሳጥኔን አሮጌዋ ፒካፔ ላይ ጭኜ ወጣሁ። የእሷ ኤሲ መስኮቷ ነው፤ አንድ ቀን አቁማኝ አታውቅም።

ቀይዋ መኪና መንገድ ዳር፣ አንድ ዛፍ በሌለበት ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቶ እንፋሎት ይወጣል። አጃቢው በሙሉ ከሁለት ሚኒባሶች ጥላ ሥር ተኮልኩሎ ለስላሳ ይጠጣል። ልጄ መኪናው ውስጥ ናት። አብርሃም አጠገቧ ቆሞ ጃንጥላ ይዞላታል፤ ጃንጥላው ግን ለፎቶ የተሠራ ዳንቴል ስለሆነ ፀሐዩን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ፊቷ ቀልቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ ገርበብ ብሏል፤ ስጠጋም አላየችኝም።

ጣሪያውን ለምን አልዘጋችሁም ስል ፍቅሩን ጠየቅሁት። ሞተሩ ካልተነሣ ጣሪያው አይወጣም አለኝ። ባትሪውስ? ሞተሩ ከቆመ በኋላ ሞላ ኤሲው እንዳይጠፋ ብሎ ክፍት አስደርጎት ባዶ አየር ሲነፋ ባትሪው አለቀ። መፍቻውን መሬት ላይ ወረወርኩት።

"ለምን ሚኒባሱ ውስጥ አታስገቧትም?" አልኩ። ያን ጊዜ ሞላ ከጥላው መጣ። መነጽሩ አሁንም ዓይኑ ላይ ነው። ሙሽራ መንገድ ላይ አትወርድም አለኝ፤ አማቷ በር ላይ ስጦታ ተናግራ ነው የምታወርዳት፣ ሜዳ ላይ እግሯ መሬት ከነካ ለትዳሩ ገድ የለውም አለ።

"ገድ?" አልኩት። "ውሃ ያልጠጣች ልጅ በግንቦት ፀሐይ አንድ ሰዓት አስቀምጠህ ገድ ታወራለህ?"

"ሞተሩን ሥራ" አለኝ። "ስለ ሙሽራዋ አንተን አያገባህም።"

"አባቷ ነኝ።"

ከሚኒባሱ ሥር ያለው ወሬ ቀጥ አለ። ሞላ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ከትናንት ያደረ ቁጣ ነው፣ ቄሱ ቢሰሙ ንስሐ ይሰጡኛል። ትንሽ ዕውቀት ያለው ሰው ጣሪያ ከፍቶ ኤሲ አያበራም አልኩት። የሰው ልጅ ለካሜራ ብሎ እንደ ቋንጣ አያሰጣም አልኩት። ቤንዚን በጀሪካን እየተለመነ በሚገኝበት አገር ሜዳ ልታቀዘቅዝ የወጣህ አንተ ማነህ አልኩት። አንዲት አክስት ከኋላ፣ ልጁን ሊመልስ ነው መሰለኝ ስትል ሰማሁ። እመልሳለሁ አልኳት፤ የፈለገ ይቅደመኝ።

የቀደመኝ አብርሃም ነው። ጃንጥላውን ጣለና በሩን ከፈተ። አጎቱ ክንዱን ሊይዘው ሲል መነጨቀው። እኔ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ደግፈናት አወረድናት። የልጄ እግር አስፋልቱን ነካ፤ ሰማዩ ግን አልወደቀም። ሚኒባሱ ውስጥ አስተኝተን ካባውን ገፈፍናት፣ ነጠላ ነክረን አንገቷና ብብቷ ላይ አደረግን፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣናት። አንድ ሰው ምች ነው ዳማከሴ ፈልጉ ሲል በክርን መለስኩት።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይኗን በደንብ ከፈተች። ውሃ የነካውን የሱፌን እጅጌ፣ ከዚያም ፊቴን አየች። "አባዬ" አለች። እኔም አለሁ ልጄ፣ አለሁ፣ አጎትየውን ልክ አስገብቼዋለሁ እያልኩ መለፍለፍ ጀመርኩ። ሞላን ገና አልጨረስኩትም ነበር፤ በመስኮቱ እያሳየኋት ስለ ድንቁርናው አወራሁላት። ሮቢት ጤና ጣቢያ አድርሰን እናሳይሽ፣ ቀሪው ይደርሳል አልኩ።

አቋረጠችኝ። "ገና ከቆቦ እንደወጣን ሹፌሩ የመኪናው ሙቀት ጨመረ አለ። ላስጠነቅቅ ፈልጌ ነበር፣ አውርዱኝም ልል ነበር። ከዚያ ራሱ ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሮ 'ግድ የለም፣ ትናንት አራጌ የሚባል መካኒክ አይቶታል' አለ።"

አብርሃም ቀና ብሎ አየኝ። በጥሩምባው መሀል የሹፌሩን ቃል አልሰማም ነበር።

"አባዬ ካየው ምንም የለበትም አልኩ" አለች። "ክፉ ነገር ቢኖረው እሱ አይለቃቸውም ነበር አልኩ። ሲጠማኝም፣ ሲያዞረኝም እሱን እያሰብኩ ዝም አልኩ።" ውሃውን ተጎነጨች። "አይተኸው ነበር?"

"አይቼው ነበር።"

"እንደሚፈላ አውቀሃል?"

"አውቄያለሁ።"

"ምን አልካቸው ታዲያ?"

ስለ እናቷ መሐላ ልነግራት አሰብኩ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ካሳው፣ ስለ አማቾቹ ፊት። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም አፌ ላይ አልመጣልኝም።

"እንደፈለጋችሁ አልኳቸው" አልኩ።

አልጮኸችም፤ በቁጣ እናቷን ነው የምትመስለው፣ ድምፅዋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

"የሌላ ሰው ልጅ ብሆን ኖሮ ትጮህ ነበር" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ነጠላውን እንደገና ውሃ ነክሬ አንገቷ ላይ አደረግሁ።