የሻምበል ስኳር

አቶ አጥናፉ በምዕራብ ሐረርጌ ትምህርት ቤቶች ሠላሳ ዓመት ሱፐርቫይዘር ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ገለምሶ፣ በደሳ፣ ቦኬ፣ ያልረገጡት ክፍል የለም። ከኋላ ወንበር ይቀመጡና መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ትተው ያልጻፈውን ይመዘግባሉ። ጡረታ ወጥተው ጭሮ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ግን የሚመዘገብ ጉድለት አጠራቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውቢት በአርባ ዓመት ትዳር ተመዝግበው ያለቁ ሴት ናቸው። ልጃቸው ዮዲ አዳማ አግብታ ቀርታለች። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ ፍጡር እቤቱ ውስጥ ቢኖር ድመቱ ሻምበል ብቻ ነበር።

ሻምበል አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ትከሻው ላይ ማዕረግ የሚመስል ጥቁር መስመር ስላለው ነው ስሙን ያገኘው። ወተት የተነከረ ዳቦ እየበላ እንደ ጆንያ ወፍሮ ኖረና ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል መክሳት ጀመረ። ይበላል፣ ግን ይከሳል። ውሃ ሲያገኝ ጎድጓዳ ሳህኑን ሙልጭ ያደርግና ሌላ ይጠይቃል። ሽንቱማ ወይዘሮ ውቢትን በቀን ሦስት ጊዜ መወልወያ አስያዛቸው።

ይህን ሁሉ አቶ አጥናፉ አዩ፤ አይተውም ሳይውሉ ሳያድሩ በሽታውን አወቁት። እንዲያውቁት ምክንያት ነበራቸው። እሳቸው ራሳቸው ስኳር ከተገኘባቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በየወሩ ክኒን ሊቀበሉ ወረፋ የሚጠብቁበት የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ደግሞ "ውሃ ጥም፣ የሽንት መብዛት፣ እየበሉ መክሳት" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዘጠኝ ዓመት አንብበውታል። የፊደል ግድፈቱን ሁለት ጊዜ ለነርሷ አመልክተዋል። ስለ እሳቸው የተጻፈ ነው ብለው ግን አንድ ቀን አስበው አያውቁም። ከሰዓት በኋላ ከወዳጃቸው ከጅብሪል ጋር ጫት ይቅማሉ፤ ጫቱ ያለ ለስላሳ፣ ያለ ሀላዋ ጣፋጭ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከገባበት ሻይ ጋር ካልሆነ አያመረቅንም ባይ ናቸው። "እኔ በልኩ ነው የምወስደው" ይላሉ። ልኩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ውቢት፣ ይሄ ድመት ስኳር ይዞታል" አሉ አንድ ጠዋት።

ወይዘሮ ውቢት ድመቱን አዩት፤ ከዚያ ባላቸውንና ባላቸው የሚያማስሉትን ሻይ አዩ። "ያየኸው እሱን ብቻ ነው?" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

አቶ አጥናፉ ነገሩ አልገባቸውም። ወዲያው ሥራ ጀመሩ። አንድ አዲስ ባለ መስመር ደብተር ገዙ። ዮዲ ከሁለት ዓመት በፊት "አባዬ፣ በየጠዋቱ ተለካ" ብላ የላከችው፣ ከነካርቶኑ ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ አቧራ የጠጣው የስኳር መለኪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። ድመቱን በፎጣ ጠቅልለው ወይዘሮ ውቢት ያዙት፤ ጅብሪልም ሊቅም መጥቶ እግሩን ያዘ፤ አቶ አጥናፉ ጆሮውን ወጉ። ሦስት የመለኪያ ወረቀት ባክኖ የጅብሪል አንድ ሸሚዝ ከተቀደደ በኋላ መሣሪያው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት አለ።

ጅብሪል ጥቁር አዝሙድ በማር ይሞከር አለ፤ ለሞት ካልሆነ በቀር ለሁሉም ይሆናል ሲባል ሰምቷል። አንድ ጎረቤት የሽፈራው ዛፍ ቅጠል ላከ። አቶ አጥናፉ በበኩላቸው ሁለት እርምጃ ወሰኑ። አንደኛ፣ ድመቱ ውሃ ያበዛልና ውሃው በሲኒ ተለክቶ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ከራሳቸው ክኒን ግማሿ ተፈጭታ ወተቱ ውስጥ ትግባ። ሁለተኛውን ወይዘሮ ውቢት ክኒኑን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው አስቀሩት፤ መጀመሪያ የከብት ሐኪም ይየው አሉ።

በማግስቱ ሻምበል በጫት ዘንቢል ሆኖ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄደ። እዚያ ሆዷ የተነፋ ፍየል፣ ጀርባው የቆሰለ አህያና ባለቤቶቻቸው ተኮልኩለዋል። ከቦኬ ፍየሏን ይዞ የመጣ ገበሬ ዘንቢሉ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀ። ስኳር የታመመ ድመት ነው ሲባል ወደ ዘንቢሉ ጎንበስ ብሎ አየና፣

"እኛ ስኳር ከሱቅ አጥተን፣ ከአዱሬ ሆድ ተገኘ?" አለ፣ ድመቱን በኦሮምኛ ጠርቶ።

ተረኛው የእንስሳት ሐኪም አብዱልቃዲር ነበር። ልጅ ሆኖ በደሳ ሲማር አቶ አጥናፉ ክፍሉ ገብተው መምህሩን ሲያስጨንቁ አይቷል፤ ስለዚህ በአክብሮትም በጥንቃቄም ነው የተቀበላቸው። ድመቱን መዘነ፣ ድዱን አየ፣ ቆዳውን ሳብ አድርጎ ለቀቀ፣ ጠረጴዛው ላይ አስኬደው። የኋላ እግሩ እንደ ጤነኛ ድመት በጣቶቹ ሳይሆን በተረከዙ ይረግጣል።

"ጋሽ አጥናፉ፣ ጥርጣሬዎ ከንቱ አይደለም" አለ። "ግን ድመት ሲፈራ ስኳሩ ይወጣል። ሦስት ሰው ይዞት ጆሮውን እየተወጋ የወጣ ቁጥር ብቻውን አይታመንም። ሽንቱን ማየት አለብን።"

ውሃውን እንደቀነሱለት ሲነግሩት ግን ፊቱ ተለዋወጠ። የጠማው ውሃው እየወጣበት ስለሆነ ነው፣ ከከለከሉት ይሞትብዎታል፣ የፈለገውን ያህል ይጠጣ አለ። የሰው ክኒን፣ አዝሙድ፣ ማር፣ ቅጠል፣ ሁሉንም አስቀረ። ዳቦና ወተት ቀርቶ ሥጋና እንቁላል እንዲበላ፣ እቤት ተረጋግቶ ሳለ እየተለካ እንዲጻፍ አዘዘ። ሊወጡ ሲሉ፣

"የእርስዎስ ስንት ነው?" አለ።

"የእኔ በልኩ ነው" አሉ አቶ አጥናፉ።

ሽንት መቀበሉ ሁለት ቀን ፈጀ። ድመቱ የሚሸናበት ሳፋ አፈር ሽንቱን እንዳይመጥ በታጠበ ጠጠር ተተክቶ፣ ድመቱ ከሳፋው ጋር መታጠቢያ ቤት ተዘጋበትና አቶ አጥናፉ በሩ ሥር ወንበር አውጥተው ፈተና እንደሚያስፈትን ሰው ተቀመጡ። እሳቸው ካሉ ድመቱ አይሸናም። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ ወይዘሮ ውቢት በብልቃጥ ሞልተው ጠበቋቸው። አብዱልቃዲር ያጠቀሰው ወረቀት እንደ ጠቆረ ቡና ሆነ፤ ሽንቱ ውስጥ ስኳር አለ ማለት ነው። የጆሮውም ልክ፣ ድመቱ ወይዘሮ ውቢት ጭን ላይ እንደተኛ ሲለካ እንኳ፣ ከሦስት መቶ አልወርድ አለ።

አቶ አጥናፉ ግን ሱፐርቫይዘር ናቸውና መሣሪያውን ራሱን ተጠራጠሩ። ወንበራቸውን ስበው፣ መለኪያው እውነት መናገሩ የሚታወቀው በጤነኛ ሰው ሲሞከር ነው አሉ። ጤነኛውም እሳቸው ሊሆኑ ፈቀዱ። ከጅብሪል ጋር ከቃሙ ገና አንድ ሰዓት አልሆናቸውም፤ ጢማቸው ላይ የሀላዋ ፍርፋሪ አለ። ጣታቸውን ወጉ።

ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት።

"ተበላሽቷል" አሉ። "ብዬ ነበር።"

ወይዘሮ ውቢት ጣታቸውን ዘረጉ። ዘጠና ሰባት።

"አሁን ተሠራ?" አሉ።

አቶ አጥናፉ መለኪያውን ገለበጡት፣ ባትሪውን አውጥተው መለሱት፣ ዛሬ የተለየ ቀን መሆኑን አስረዱ። ሚስታቸው አልተከራከሩም። በማግስቱ ግን የስኳር ዕቃው ከጠረጴዛው ጠፋ፤ ነጭ ዳቦ ቀረ፤ ለድመቱ የታዘዘው ሁሉ ለባልም ታዘዘ። ልዩነቱ ሻምበል በየቀኑ ከሥጋ ቤት ጉበት ሲቆረጥለት አቶ አጥናፉ ጎመንና ምስር መብላታቸው ነው። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ሦስት ቀን በቃው። አንዱ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ አለ፤ ሌላው ጡረታውን ለድመት ነው የሚያወርሰው አለ። ሥጋ ቆራጩ ብቻ ወሬውን አልነካም፤ ሻምበል ደንበኛው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አብዱልቃዲር ምግቡ ብቻ እንዳልበቃ አይቶ፣ ካስተማረው መምህር ጋር በስልክ ተማክሮ፣ ኢንሱሊን ይዞ እቤት ድረስ መጣ። ጠዋት አንድ ዩኒት፣ ማታ አንድ ዩኒት። ካልበላ አይወጋ፤ ስኳሩ ወርዶ ከተንገዳገደ ድዱ ላይ ማር ቀብተው ወዲያው ይደውሉልኝ አለ። መርፌውን ሲያሳይ አቶ አጥናፉ መስኮቱን ያዩ ነበር። ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ መርፌ ይጀምሩ ተብለው ሦስቴም እምቢ ብለዋል፤ መርፌ የያዘ ሰው አለቀለት ማለት ነው ብለው ነው። ወይዘሮ ውቢት የድመቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ወጉት። ሻምበል ጉበቱን እየበላ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

አቶ አጥናፉ ከመስኮቱ ዞር ብለው ድመቱ ሳህኑን ሲልስ አዩ።

ወሩ ሲደርስ ወይዘሮ ውቢት ጤና ጣቢያ አብሬህ እሄዳለሁ ብለው ተነሡ። ነርሷ አስማ የስኳር ክትትል ደብተር ካለ ስትጠይቅ አቶ አጥናፉ ባለ መስመሩን ደብተር በኩራት ዘረጉላት። አስማ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፣ ሁለት መቶ ዘጠና፣ ሁለት መቶ አርባ፣ መቶ ሰማንያ፣ መቶ ስልሳ። ቀና ብላ እንዲህ ያለ ታካሚ አይታ እንደማታውቅ፣ ለሌሎች ምሳሌ እንደሚሆኑ ተናገረች። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩአቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ አቶ አጥናፉ።

"እህቴ፣ ይሄ የድመታችን ነው" አሉ ወይዘሮ ውቢት። "የእሱ ከኋላ ነው።"

አስማ ከኋላ ገለበጠች። አራት ቁጥር አለ፤ አራቱም ከሦስት መቶ በላይ። ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው። ሠላሳ ዓመት ሌሎች ያልጻፉትን የመዘገበው እርሳስ እዚህ ላይ ቆሟል። ነርሷ አልሳቀችም፤ ለካቻቸውና መርፌ ዛሬውኑ ይጀመር አለች። አቶ አጥናፉ ለአራተኛ ጊዜ እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሚስታቸው ግን፣ "መውጋቱን እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንተ ምሳህን ብላ" አሏቸው።

እንደተባለውም ሆነ። የመጀመሪያውን ሳምንት ወይዘሮ ውቢት ወጓቸው፤ አቶ አጥናፉ ምስራቸውን እየበሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሁለተኛው ሳምንት መርፌውን ራሳቸው ያዙት። ጫቱን አልተዉም፤ ለስላሳውና ሀላዋው ግን ቀሩ። ጅብሪል ሀላዋውን ከጀርባው ደብቆ ይበላል፤ እሳቸውም ያላዩ መስለው ያያሉ። ሻምበል ደግሞ በመስከረም በጣቶቹ መርገጥ ጀመረ፤ ሰውነቱም ተመለሰ።

ጥቅምት ላይ አቶ አጥናፉ ወረፋ ሲጠብቁ አመላቸው አገረሸና አጠገባቸው የተቀመጡ የአንዲት ሴትዮ ደብተር ተቀብለው ይመረምሩ ጀመር። ይሄ ስምንት ነው ሦስት፣ ማክሰኞ ለምን ተዘለለ እያሉ። ሴትዮዋ ታግሠው ቆዩና የእርስዎስ አሉ።

"መቶ ሰባ አንድ።"

"የእርስዎ ነው የድመቱ?" አሉ ሴትዮዋ።

አቶ አጥናፉ የሴትዮዋን ደብተር መለሱላቸው። ከዚያ የራሳቸውን ደብተር ከኋላ በኩል፣ ገጹ ከሞላበት፣ ገልጠው ሰጧቸው።