የኦይታ የውሃ ተራ

ኦይታ አካፋውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ማዕዶት ደጁ ላይ ያዘችው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ናት፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"ጋሽ ኦይታ፣ ውሃውን እንዳይለቁ! ሦስት ሰዓት ላይ እንግዶች ይመጣሉ። ለቤንችማርኪንግ።"

"ባለፈው ወር የመጡትስ?"

"እነሱ ለልምድ ልውውጥ ነበር።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ልጄ?"

ማዕዶት ሥልጠና ላይ የጻፈችውን አስታወሰች። "ቤንችማርኪንግ ማለት የተሻለ የሠራን ሰው መለኪያ አድርጎ ራስን ከእሱ ጋር ማስተያየት ነው። የእርስዎን ሙዝ አይተው፣ 'እኛ ምን ጎደለን?' ይላሉ። ከዚያ አገራቸው ገብተው ያስተካክላሉ።"

"ደግ ነገር ነው" አለ ኦይታ ከልቡ። "የኔ ተራ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።"

"ማሳው ከጨቀየ በጫማ አይገቡም እኮ!"

እኛ ጋ፣ ምዕራብ ዓባያ፣ የመስኖ ውሃ በተራ ነው። ተራው ያመለጠው አሥራ አምስት ቀን ይጠብቃል፤ በዚህ ፀሐይ ሙዙ ግን አይጠብቅም። ኦይታ ሞዴል አርሶ አደር ከተባለ ወዲህ ዘንድሮ ብቻ አራት ቡድን ተቀብሏል። ያለፉት እንግዶች ፎቶ ለመነሳት ቦዩን የሚዘጋበት ጣውላ ላይ ቆመው ሰብረውለት ሄደዋል። ሰውን እምቢ ማለት አያውቅበትምና አካፋውን አስደግፎ ተቀመጠ።

ሦስት ሰዓት አለፈ። አራትም አለፈ። ማዕዶት ስልክ ደወለች።

"ገና ከተማ፣ ሴቻ ናቸው፤ ቁርስ ላይ።"

"እስካሁን?" አለች ባለቤቱ ሣራ ከጓዳ። "ጥብሱንም እያስተያዩት ይሆናላ!"

አምስት ሰዓት ላይ ታችኛው ማሳ ላይ ያለው ዘርአብሩክ ከቦዩ ማዶ ተጣራ። "ኦይታ! ውሃህ በከንቱ እያለፈ ነው! ምነው፣ ጠገብክ እንዴ?"

ኦይታ መጠበቁ ሰልችቶት ተነሳ። መዶሻ አመጣና የደጁን ሰሌዳ ይነቅል ጀመር። "ሞዴል አርሶ አደር ኦይታ" ይላል፤ ጥሩ ወፍራም እንጨት ነው።

"ጋሽ ኦይታ! ምን ሊያደርጉት ነው?"

"ቦዩን ልዘጋበት።"

"እንግዶቹ ቤቱን በምን ያውቁታል?"

"ውሃውን ተከትለው ይምጡ።"

ሰሌዳውን ቦዩ ውስጥ አቁሞ በጭቃ ደገፈው። ውሃው ትንሽ አመነታና ወደ ሙዙ ዞረ። ማዕዶት ስልኳን አየች፤ ከዚያ ጫማዋን አወለቀች።